ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርዱ፦ የሞተርዎና የቤንዚኑ ኦክቴን

አዲስ አበባ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ያለ እንከን የሚሠራ ሞተር ዓባይ በረሃ ወርዶ ከድልድዩ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀምር ድንገት ኖክ ያደርጋል። ብዙ ሹፌር ወዲያው የሚጠረጥረው መጨረሻ የቀዳበትን ማደያ ነው። ጥርጣሬው አንዳንዴ ልክ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ታንኩ ውስጥ ያለው ጠዋት ከቤት ሲነሡ የነበረው ያው ቤንዚን ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። ዘመናዊ ሞተር የቤንዚኑን ደረጃ፣ የአየሩን እፍግታና ሙቀቱን እያመዛዘነ ሳያሰልስ ራሱን ያስተካክላል። ማስተካከሉ ግን ወሰን አለው፤ ጉልበትና ነዳጅም ያስከፍላል። ወሰኑን አውቆ ከወሰኑ ሳያልፉ መንዳት የእርስዎ ድርሻ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሁን በእጅዎ ያለችው መኪና ገና ብዙ ዓመት ልታገለግልዎ ይገባል።

በመጀመሪያ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚሆነውን ይረዱ

ፒስተኑ ወደ ላይ እየወጣ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ያምቃል። ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ቃጠሎው ከካንዴላው ተነሥቶ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳልና። እሳቱ የሚሰጥበት ይህ ቅጽበት ታይሚንግ ይባላል። በተገቢው መጠን ሲቀድም ከቤንዚኑ የሚገኘው ጉልበት ከፍተኛ ይሆናል። ሲዘገይ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ሥራ ሳይሠራ በማርሚታው በኩል ይወጣል።

ጣጣው ያለው እሳቱ ገና ባልደረሰበት ጥግ ነው። እዚያ የቀረው ድብልቅ ከኋላው በሚገፋው ቃጠሎ እየታመቀና እየጋለ ይሄድና አልችል ሲል እሳቱን ሳይጠብቅ ባንድ ጊዜ በራሱ ይነድዳል። ከዚህ የሚነሣው የግፊት ሞገድ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስተኑን አናት ይመታል። ኖክ የሚባለው ይህ ነው። ከባድ ሆኖ ሲደጋገም የፒስተኑን ጠርዝ ይቦረቡራል፣ ቀለበቶቹን ይሰብራል፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ያበላሻል።

ኦክቴን ቤንዚኑ በራሱ እንዳይነድድ የሚቋቋምበት ልክ ነው። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1926 ያቀረበው አሜሪካዊው ኬሚስት ግራሃም ኤድጋር ሲሆን፣ በቀላሉ በራሱ ለማይነድደው አይሶኦክቴን 100፣ ቶሎ ለሚነድደው ሄፕቴን ደግሞ 0 ሰጠ። 91 ኦክቴን የሚባለው ቤንዚን በመፈተሻ ሞተር ላይ የሚያሳየው ጠባይ 91 እጅ አይሶኦክቴንና 9 እጅ ሄፕቴን ከተቀላቀለበት ነዳጅ ጋር ይመሳሰላል። ልብ ይበሉ፣ ቁጥሩ ስለ ጉልበት የሚናገረው ነገር የለም። በ91 እንዲሠራ ለተነደፈ ሞተር 98 ቢቀዱለት ሞተሩ በትርፉ የሚጠቀምበት መንገድ የለውም። ባሕረ ሰላጤው አገር ወይም አውሮፓ ውስጥ የምትኖሩ ወገኖች በየሳምንቱ ለዚህ ትርፍ ቁጥር የምትከፍሉት ገንዘብ ያሳዝነኛል።

ከዚያ የመኪናዎን ቁጥር ይፈልጉ

የነዳጅ መክፈቻውን በር ከፍተው ውስጠኛ ገጹን ይመልከቱ፤ ካልተጻፈበት የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይዩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ቁጥሩ የሚጻፈው በሁለት ዓይነት ስሌት ነው። አውሮፓ፣ ጃፓን፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሮን የሚባለውን ይጠቀማሉ። አሜሪካ ማደያ ላይ የሚጻፈው ኤኬአይ ሲሆን፣ ሮንና ሞን የተባሉት የሁለት ፈተናዎች አማካይ ስለሆነ ለያው ቤንዚን ዝቅ ብሎ ይታያል። የአሜሪካው 87 በሮን ሲቆጠር ከ91 እስከ 92 ገደማ ነው፤ የአሜሪካው 91 ደግሞ ወደ 95 እና 96 ይጠጋል። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣች መኪና «87» ብትልዎ ከዱባይ ከመጣችው «91» ያነሰ ትፈልጋለች ማለት አይደለም፤ ሁለቱም የሚጠይቁት አንድ ነው።

መኪናዋ የተሠራችበት ገበያም ይነግርዎታል። ለጃፓን ገበያ የተሠራች ቪትዝ የምትጠብቀው የጃፓኑን ተራ ቤንዚን ነው፤ የዚያ ዝቅተኛ መስፈርት 89 ሮን ነው። ለአውሮፓ የተሠራች ያሪስ ወይም ቮልስዋገን በአብዛኛው 95 ትጠብቃለች። ኤምሬትስ ማደያዎች 91፣ 95 እና 98 ስለሚሸጡ ከዚያ የመጣ መኪና የቀድሞ ባለቤቱ የቱን ይቀዳ እንደነበር በግምት አይወሰንም፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ግድ ነው።

ሁለት ነገር በተለይ ያጣሩ፦ ሞተሩ ቱርቦ አለው ወይ? የኮምፕረሽኑስ ልክ ስንት ነው? ቱርቦ የሌለውና ኮምፕረሽኑ 9 ለ1 አካባቢ የሆነ የቆየ ሞተር ብዙም አይመርጥም። 10.5 ለ1 የሆነው፣ ለምሳሌ በብዙ ቪትዝና ያሪስ ላይ ያለው 1ኤንዜድ ሞተር፣ ትንሽ ይመርጣል፤ ግን ራሱን ያስተካክላል። 95 የሚጠይቅ ቱርቦ ሞተር ካለዎት ደግሞ ይህን ጽሑፍ በተለየ ጥንቃቄ ያንብቡ፤ ምክንያቱን ስለ ከፍታ ስናወራ ያገኙታል። በአገራችን ማደያዎች በአብዛኛው የሚቀዳው አንድ ዓይነት ቤንዚን ስለሆነ፣ ምርጫው ያለው መኪና ሲገዙና ሲነዱ ነው።

ሞተሩ ራሱን የሚያስተካክለው እንዴት ነው?

በሞተሩ ብሎክ ጎን ላይ አንድ ትንሽ ክብ ነገር በቡሎን ታስራ ያገኛሉ፤ ኖክ ሴንሰር ናት። ውስጧ ያለው ሴራሚክ ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኮምፒዩተሩ ሁልጊዜ አያዳምጣትም፤ እያንዳንዱ ካንዴላ እሳት ከሰጠ በኋላ ባለችው አጭር ጊዜ ብቻ፣ ያውም ከ5 እስከ 8 ሺህ ኸርዝ ገደማ ያለውን የኖክ ድምፅ ለይቶ ይሰማል። ኖክ ሲሰማ የዚያን ሲሊንደር እሳት በጥቂት ዲግሪ ያዘገያል። ድምፁ ከጠፋ ደግሞ በትንንሽ እርምጃ መልሶ ማስቀደም ይጀምራል፤ እንደገና ኖክ እስኪሰማ ወይም ፋብሪካው የወሰነለት ጣሪያ እስኪደርስ። ጣሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ የቱንም ያህል ከፍ ያለ ኦክቴን ቢቀዱለት ከዚያ አያልፍም።

ይህን በመንገድ መኪና ላይ አስቀድመው ካዋሉት መካከል የእ.ኤ.አ. 1978ቱ ቱርቦ ቡዊክና የስዊድኑ ሳብ ይገኛሉ። ሳብ እ.ኤ.አ. በ1982 በ900 ቱርቦው ላይ ያስገባው ስልት ኖክ ሲሰማ የቱርቦውን ግፊት ስለሚቀንስ፣ ሹፌሩ ያገኘውን ቤንዚን ቀድቶ መሄድ ይችል ነበር።

ኮምፒዩተሩ በተጨማሪ ያስታውሳል። አንድ ዓይነት ቤንዚን በተደጋጋሚ ኖክ ካመጣበት፣ ገና ሳይሰማው እሳቱን አዘግይቶ መነሣትን ይማራል። ደካማ ቤንዚን ሲቀዱ መኪናዎ ምንም ድምፅ ሳያሰማ «አልስብ» ካለች፣ ዳገት ላይ ከወትሮው ይልቅ ነዳጅ ካስረገጠችዎት፣ የሚያዩት ይህንን ትምህርት ነው። ሞተሩ ተርፏል፤ የከፈሉት እርስዎ ነዎት።

አሁን ወጥተው ያዳምጡ

ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፤ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይንዱ። ቀጥ ያለና ትራፊክ የማይበዛበት ዳገት ይምረጡ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ ማለዳ ላይ ይበቃዋል። ሬዲዮውን ይዝጉት፣ መስኮቱን በግማሽ ዝቅ ያድርጉ፣ በግራም በቀኝም ግንብ ወይም አጥር ያለበት ቦታ ድምፁን ስለሚመልስ የተሻለ ነው። በእጅ ማርሽ ከሆነ ሦስተኛ ላይ ሆነው ከ1,500 እስከ 2,500 ዙር ባለው መካከል ነዳጁን ቀስ አድርገው ወደ ታች ይርገጡ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ወደ ታች ሳይወርድ እስከሚችለው ድረስ ይርገጡ።

የሚፈልጉት ድምፅ በቆርቆሮ ውስጥ የሚንሿሿ ጠጠር ይመስላል፤ ሹል ነው፣ እግርዎን ሲጭኑ ይመጣል፣ ሲያነሡ ወዲያው ይጠፋል። ከሌሎች ድምፆች ለመለየት ይህ መምጣትና መጥፋት ዋናው ምልክት ነው። በሚኒሞ ቆመውም የሚሰማ ከሆነና ከዙሩ ጋር ብቻ የሚፈጥን ከሆነ የቫልቭ ነው። መኪናው ሲንገጫገጭ ወይም በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ ብዙ ጊዜ የማርሚታ መከለያ ቆርቆሮ ላልቶ ነው፤ ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ሞተር አስከፍቷል። ለአፍታ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ቀላል ኖክ አያስደነግጥ፤ ሴንሰሩ ሰምቶ እሳቱን እስኪያዘገይ ያለችው ጊዜ ናት። እግርዎን በተጫኑ ቁጥር የሚቀጥል ከሆነ ግን ኮምፒዩተሩ ወሰኑ ላይ ደርሷል ወይም ሴንሰሩ አይሠራም።

በስልክዎ ያረጋግጡ

ከመሪው ሥር ባለው የኦቢዲ መሰኪያ ላይ የሚገባ ትንሽ የብሉቱዝ ማንበቢያ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ፣ ከ2001 ወዲህ ለአውሮፓ በተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ላይ ሁሉንም መረጃ ላይሰጥ ይችላል። በአፑ ላይ የታይሚንጉን ዲግሪ፣ የሞተሩን ጫናና የውሃውን ሙቀት አብረው ይክፈቱ። ያንኑ ዳገት፣ በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ፍጥነት ወጥተው የታይሚንጉን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ማንበቡን ግን አጠገብዎ ለተቀመጠ ሰው ይተዉት። ሌላ ቤንዚን ከቀዱ በኋላ ይድገሙት። በተመሳሳይ ጫናና ሙቀት ቁጥሩ በበርካታ ዲግሪ ከወረደ አዲሱ ቤንዚን ከቀድሞው ያነሰ ነው። ጋራዥ ውስጥ ቶዮታን የሚያነብ ሙሉ ማሽን ካለ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ስለ ኖክ የተማረውን እርማት በቀጥታ ያሳያል፤ መካኒኩን እንዲከፍትልዎ ይጠይቁት።

ቤንዚን ሲለውጡ

ታንኩ ሩብ ያህል እስኪቀር ይጠብቁ። ሁለት ቤንዚን ሲደባለቅ ኦክቴኑ በመካከል ይሆናል፤ ግማሽ ታንክ 91 ላይ ግማሽ 95 ቢጨምሩ 93 አካባቢ ነው። ሞተሩ የሚማረው ሞቆና ጫና ተሸክሞ ሲሄድ እንጂ ሰልፍ ላይ ቆሞ አይደለም። ስለዚህ ውጤቱን ለመፍረድ ቢያንስ አንድ ታንክ ይንዱ። ባትሪ ነቅሎ ኮምፒዩተሩን «ማስረሳት» የተለመደ ምክር ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። ባትሪው ሲነቀል ብዙ መኪኖች ላይ የሚኒሞው ትምህርትም አብሮ ይጠፋል፣ ደካማ ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ካለ ደግሞ ሞተሩ ያንኑ ኖክ እንደገና ሰምቶ መማር ይኖርበታል። ለሌላ ሥራ ባትሪው ከተነቀለ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ሳይጫኑ ይንዱ።

ቁልቁል ከመውረድዎ በፊት

የአገራችን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ያንሳል። ሲሊንደሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር ያነሰ ስለሆነ፣ እምቅታውም ሙቀቱም ይቀንሳል፤ ሞተሩም በዝቅተኛ ኦክቴን ይረካል። አሜሪካ ውስጥ ዴንቨርን በመሳሰሉ ከፍተኛ ቦታዎች 85 የሚል ቤንዚን የሚሸጠው በዚሁ ሒሳብ ነው፤ እዚያ ላላችሁ ግን፣ አብዛኛው የመኪና መመሪያ ከ87 በታች አትቅዱ ስለሚል መመሪያውን ተከተሉ።

ዓባይ ድልድይ ላይ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ የግፊቱ ጉድለት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጭራሽ የለም። በዚህ ላይ የቆላው ሙቀት፣ ሙሉ ተሳፋሪ፣ ጣሪያው ላይ የተከመረ ጭነትና ኤሲ ይጨመራል። ደጋው ሸፍኖት የነበረው የቤንዚኑ ወይም የሞተሩ ድክመት እዚህ ይወጣል። ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ደግሞ የጎደለውን አየር በግፊት ስለሚሞሉ፣ የከፍታው እፎይታ ለእነርሱ ትንሽ ነው፤ አዲስ አበባም ቢሆኑ የተጻፈላቸውን ቁጥር ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ከመውረድዎ በፊት ታንክዎን ብዙ መኪና ከሚቀዳበት ማደያ ይሙሉ። በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው ቤንዚን ይራቁ፤ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ከሆነ ኦክቴኑ ክፉኛ ይወርዳልና። የራዲያተር ውሃዎን ይዩ። ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ሳይጨነቅ ማርሹን ዝቅ ያድርጉ። ሹፌሮቻችን «ዙሩ ከበዛ ነዳጅ ይበላል» ብለው በአራተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጨነቁ ይወጣሉ፤ ኖክን የሚጋብዘው ግን ይኸው ዝቅተኛ ዙርና ከባድ ጫና ነው። ዙሩ ሲጨምር ቃጠሎው የሚፈጀው ጊዜ ስለሚያጥር በዳር የቀረው ድብልቅ በራሱ ለመንደድ ፋታ አያገኝም። አውቶማቲክ ከሆነ ኦቨርድራይቩን ያጥፉ ወይም ማርሹን ወደ 2 ወይም ኤል ይሳቡ። ኖክ ከሰሙ እግርዎን ያላሉ፣ ኤሲውን ያጥፉ፣ ማርሽ ይቀንሱ። ካልጠፋ ጥላ ያለበት ቦታ ቆመው ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቁ።

ትክክለኛው ቤንዚን ተቀድቶም ካልጠፋ

ጥፋቱ የነዳጅ አይደለም ማለት ነው። ከርካሹ ይጀምሩ። የውሃው ሙቀት ከወትሮው ከፍ ይላል? ቴርሞስታቱን ያሳዩ። ካንዴላ በቅርቡ ተቀይሯል? በኤንጂኬም በዴንሶም ካንዴላ ላይ የሙቀት ቁጥሩ ባነሰ መጠን ካንዴላው የበለጠ ይግላል፤ ለሞተርዎ 6 ተብሎ 5 ቢገባ ኖክ ሊያመጣ ይችላል። የአየር ማስገቢያ ቱቦ ላይ ስንጥቅ ካለ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፤ እሱም እንዲሁ። ዘይት የምትበላ መኪና ላይ ደግሞ ዘይቱ ራሱ ኦክቴን ይቀንሳል፣ ፒስተኑ አናት ላይ የሚጋገረው ካርቦንም እምቅታውን ይጨምራል። እንዲህ ያለውን ሞተር ውድ ቤንዚን አያድነውም።

ቼክ ኢንጂን በርቶ ፒ0325፣ ፒ0327 ወይም ፒ0328 ከተነበበ ጉዳዩ የኖክ ሴንሰሩ ወይም የሽቦው ነው። በዚህ ጊዜ ቶዮታን የመሰሉ መኪኖች ለጥንቃቄ ሲሉ እሳቱን እስከ መጨረሻው ያዘገዩታል፤ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች፣ ነዳጅ ትበላለች። ሴንሰሩ ሲቀየር መካኒኩ አጠገብ ይቁሙ። የሚቀመጥበት የብሎክ ገጽ ከዝገትና ከዘይት ይጽዳ፣ ሮንዴላም ማጣበቂያም አይግባበት፣ ቡሎኑ በመጠን ማጥበቂያ ቁልፍ፣ በአብዛኛው 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ይታሰር። ከላላ ኖኩን አትሰማም፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ያልሆነውን ትሰማለች።

በጠርሙስ የሚሸጥ ኦክቴን መጨመሪያን በተመለከተ አንድ ነገር ይወቁ። ማሸጊያው ላይ «10 ፖይንት» የሚለው በአብዛኛው አንድ ኦክቴን ማለት ነው፤ 91ን ወደ 92 እንጂ ወደ 101 አያደርስም። ብረት ያለባቸው ዓይነቶች ካንዴላውን በቀይ ዝቃጭ ይሸፍናሉ። ከመቶ በላይ ኦክቴን ያለው ኢታኖል ግን በእርግጥ ይሠራል፤ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን የሚወጣው ከቤንዚን ጋር መጀመሪያ 5፣ በኋላም 10 በመቶ እየተቀላቀለ አዲስ አበባ ውስጥ ይሸጥ ነበር። እንዲህ ባለ መጠን የሚደባለቀው ማከማቻ ቦታ ላይ ነው፤ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ቤት ውስጥ አይሞከርም።

ሴንሰር ለሌላቸው ላዳዎችና ዲኤክሶች

ካርቡሬተርና ዲስትሪቢዩተር ያለው መኪና ራሱን አያስተካክልም፤ እርስዎ ነዎት የሚያስተካክሉት። በአንዳንድ የድሮ ላንድ ክሩዘሮች ዲስትሪቢዩተር ላይ ለዚሁ ሥራ የተሠራች መዞሪያ አለች፤ በሌሎቹ ላይ ዲስትሪቢዩተሩን ራሱን ማዞር ነው። በመጀመሪያ ዲስትሪቢዩተሩና ብሎኩ በሚገናኙበት ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር ያስምሩ፤ የነበረበትን ቦታ የሚያሳይዎት ይህ ነው። ሞተሩን አሙቀው፣ የቫኩም ቱቦዋን ነቅለው ጫፏን ደፍነው፣ በታይሚንግ መብራት የአሁኑን ዲግሪ ያንብቡ። ማሰሪያ ቡሎኑን ትንሽ ያላሉ። ዲስትሪቢዩተሩን የውስጡ ሮተር በሚዞርበት አቅጣጫ ካዞሩት እሳቱ ይዘገያል፣ በተቃራኒው ካዞሩት ይቀድማል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ዲግሪ በላይ አይሂዱ፤ አጥብቀው፣ ቱቦዋን መልሰው፣ ያንኑ ዳገት ይሞክሩ። ኖኩ የጠፋበት ቦታ ላይ ያቁሙ። «ለጥንቃቄ» ብሎ ከዚያ በላይ ማዘግየት ሞተሩን ያግላል፣ የጭስ ማውጫ ቫልቮችንም ይጎዳል። ለአፋር ጉዞ ያዘገዩትን እሳት አዲስ አበባ ሲመለሱ ወደ ነጩ መስመር ይመልሱት፤ ያለዚያ ጎፋን ለመውጣት የሚፈጅብዎት ቤንዚን ያስመርርዎታል።